የቼዝ ጨዋታ ሲጦፍ ግራንድማስተር በማሽን ለምን ይሸነፋል?

ኖቬምበር 27 ቀን 2006፣ ጀርመን፣ ቦን ከተማ። የዓለም ሻምፒዮኑ ሩሲያዊው ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል የቼዝ ፕሮግራም ጋር ሁለተኛ ጨዋታውን እየተጫወተ ነው። ጥቁር ነው የያዘው። ጨዋታው ጥሩ ሄዶለታል፤ ማሽኑን ሲያስጨንቅ ቆይቷል። 34ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን አንቀሳቀሰ። ተረጋግቶ ተነሣ፣ ኩባያውን ያዘ፣ ከመድረኩ ሊወጣ ሆነ።

በማሽኑ ምትክ ጠጠር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ዐይኑን ከሰሌዳው ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ሰሌዳው ያመላልስ ጀመር። የክራምኒክን እርምጃ በትክክል ማስገባቱን ማመን አቅቶታል። ጥቂት ቆይቶ የማሽኑ ንግሥት ከክራምኒክ ንጉሥ አጠገብ ሄዳ አረፈች። ቼክሜት፤ ንጉሡ ተይዟል፣ ማምለጫ የለውም፣ ጨዋታው አልቋል።

በአንድ እርምጃ የሚመጣ ቼክሜት ማየት ጀማሪ የሚማረው ነገር ነው። በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው እንዴት አላየውም? ደክሞት ነው፣ ተዘናግቶ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ክራምኒክ ራሱ ያንን ስሌት ደጋግሞ እንደፈተሸው ተናግሯል። መልሱ ሰው ቼዝን የሚያይበትና ማሽን የሚያይበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ በመሆኑ ላይ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚገለጠው ጨዋታው ሲጦፍ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታ ጦፈ የሚባለው መቼ ነው?

በመጀመሪያ ጥቂት ቃላት እንያዝ። ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት ሰሌዳው ላይ ያለውን የጠጠሮች አቀማመጥ ፖዚሽን ይሉታል። ታክቲክ የሚባለው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ጠጠር የሚያስገኝ ወይም ንጉሥ የሚይዝ የተሰላ ጥቃት ነው። መስዋዕት ደግሞ የበለጠ ጥቅም ፈልጎ ጠጠርን አውቆ ማስበላት ነው። ኢንጂን የምንለው ቼዝ የሚያሰላው ፕሮግራም ነው። ግራንድማስተር ደግሞ የቼዝን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኘ ተጫዋች ነው።

ረጋ ያለ ፖዚሽን ላይ አምስትና ስድስት ጥሩ እርምጃ ሊኖር ይችላል። አንዱ ከሌላው ትንሽ ይሻላል እንጂ የትኛውንም ብትመርጡ ወዲያው አትሞቱም። ዛሬ ያበላሻችሁትን ከአሥር እርምጃ በኋላ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

በጦፈ ፖዚሽን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። የሁለቱም ንጉሥ ከለላው ሳስቷል። ሁለትና ሦስት ጠጠር በአንድ ጊዜ ለመበላት ተጋልጧል። አንዱ ሲያጠቃ ሌላው መከላከል ትቶ በሌላ በኩል ያጠቃል። እንዲህ ባለ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያድነው እርምጃ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ይገድላሉ። ያ አንድ እርምጃ ደግሞ ጤነኛ የማይመስል ሊሆን ይችላል፦ ንግሥትን ማስበላት፣ ንጉሥን ወደ መሐል ማስወጣት፣ ወይም ያን ሁሉ ግርግር ትቶ ጥግ ላይ ወታደር መግፋት።

ማሽኑ ምን እያደረገ ነው?

አንድ የተለመደ የቼዝ ፖዚሽን ላይ በአማካይ 30 ያህል የተፈቀደ እርምጃ አለ። ለእያንዳንዱ ተቃራኒው 30 ያህል መልስ አለው። ስለዚህ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 900 የተለያየ መንገድ ይፈጠራል። ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ሲጫወቱ 729 ሚሊዮን ይደርሳል። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው መቁጠር የማይታሰብ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን አሳይቶ ነበር።

ኢንጂኑ ታዲያ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው መፈለግ ነው፤ ወደፊት ሊመጡ የሚችሉትን መንገዶች እየተከተለ ይሄዳል። ሁለተኛው መመዘን ነው፤ መንገዱ ያደረሰው ቦታ ላይ ቆሞ ለዚያ ፖዚሽን ቁጥር ይሰጠዋል። ማን በጠጠር ይበልጣል? የማን ንጉሥ ተጋልጧል? የማን ጠጠር ተቀርቅሯል? ይህንን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይገልጸዋል።

የፍለጋው ትልቁ ዘዴ አልፋ ቤታ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኢንጂኑ አንድ ጥሩ እርምጃ አግኝቷል እንበል። ሌላ እርምጃ መመርመር ሲጀምር ተቃራኒው የሚያፈርስበት መልስ እንዳለው ካየ፣ ሌሎቹን መልሶች መቁጠር አያስፈልገውም። አንዱ ብቻ ያንን እርምጃ ለመጣል በቂ ነው። እርምጃዎቹ በጥሩ ቅደም ተከተል ከተመረመሩ ያ 729 ሚሊዮን ወደ 54,000 ገደማ ሊወርድ ይችላል። መልሱ ግን አይለወጥም። ነገሩን የሚያስደንቀው ይሄ ነው፤ የተዘለለው ሁሉ በማስረጃ የተዘለለ ነው።

ሌላም አለ። ጥሩ ኢንጂን ጠጠር በመበላላት መሐል ቆሞ አይመዝንም። ግርግሩ እስኪረጋ ይከተላል። ቼክ ሲኖር፣ ማለትም ንጉሥ በቀጥታ ሲጠቃ፣ ደግሞ ከሌላው መንገድ አልፎ ጠልቆ ይሄዳል። ቼክ ሲባል መልሱ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው። መንገዱ ጠበበ ማለት ነው። መንገዱ ሲጠብ ማሽኑ በተመሳሳይ ሰዓት እጅግ ሩቅ ማየት ይችላል። ስለዚህ አስገዳጅ እርምጃዎች የበዙበት የጦፈ ጨዋታ፣ ለሰው እጅግ የሚያስፈራው ያ ቦታ፣ ለማሽኑ ጥርት ብሎ የሚታይበት ነው። ብዙ ሰው ይህንን ገልብጦ ነው የሚያስበው። ጨዋታው ሲወሳሰብ ማሽን ግራ ይጋባል ብሎ ይገምታል።

ግራንድማስተሩስ እንዴት ነው የሚያስበው?

ግራንድማስተር ከእኛ የሚለየው ብዙ እርምጃ ወደፊት ስለሚያሰላ ነው የሚል እምነት አለ። የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሩት በ1940ዎቹ ይህንን ሲያጠና ሌላ ነገር አገኘ። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ ብርቱ ተጫዋቾች ብዙም ጠልቀው አያሰሉም። የሚያስቧቸው እርምጃዎች ግን ከመጀመሪያውም የተሻሉ ናቸው። መጥፎዎቹ ወደ አእምሯቸው እንኳ አይመጡም።

በ1973 ዊልያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ምርምሩን ገፉበት። ፖዚሽን ለጥቂት ሰከንድ አሳይተው ከሸፈኑ በኋላ ጠጠሮቹን መልሳችሁ ደርድሩ አሉ። ዕውነተኛ ጨዋታ ላይ የመጣ ፖዚሽን ሲሆን ማስተሩ ከጀማሪው እጅግ ይበልጣል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲቀመጡ ግን ብልጫው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ማስተሩ የሚያየው ጠጠር በጠጠር አይደለም። ከዚህ በፊት የሚያውቃቸውን ቅርጾች ነው። ንጉሥ፣ ሩክና ሦስት ወታደር አንድ ላይ ለእሱ እንደ አንድ ቃል ናቸው።

መርካቶን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነጠላ ሲፈልግ በየሱቁ አይዞርም። በቀጥታ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያ ያገኛል። ግራንድማስተርም እንዲሁ ነው። ከሠላሳው እርምጃ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ያያል፣ እነሱንም በጥንቃቄ ያሰላል። ማሽኑ ግን በየሱቁ እየገባ የሚጠይቅ ነው፤ ብረታ ብረት የሚሸጥበት ሳይቀር። በአዘቦት ቀን ይህ ድካም ነው። የጦፈ ፖዚሽን ማለት ግን የተፈለገው ዕቃ ማንም በማይጠብቀው ሱቅ ውስጥ የተቀመጠበት ቀን ነው።

አሁን ወደ ክራምኒክ እንመለስ። የማሽኑን ንግሥት የደገፋት ፈረስ ነበር። ፈረሱ የቆመው በሰሌዳው የመጨረሻ መስመር፣ ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን ነው፤ በዚያው ጠጠር በልቶ እዚያ ከገባ አንድ እርምጃው ነው። ንግሥትና ፈረስ ተጋግዘው የሚያደርጉት ቼክሜት በጣም የታወቀ ነው። ተጫዋቹ የለመደው ግን ፈረሱ ከፊት ሆኖ ሲደግፍ ነው። ከኋላ፣ ከተቃራኒው ግዛት መጨረሻ ሆኖ ሲደግፍ ማየት ብርቅ ነው። ያ ቅርጽ በክራምኒክ አእምሮ ውስጥ ካሉት ቅርጾች መሐል አልነበረም ማለት ይቻላል። ለማሽኑ ግን ብርቅ የሚባል ነገር የለም። ፈረስ የትም ቆመ የት፣ የሚደርስባቸው ቤቶች እኩል ይቆጠራሉ።

ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ ምን ገጠመው?

የጦፈ ጨዋታ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ብቻ ምረጥ ብባል፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1996 የተደረገውን እመርጣለሁ። የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭና የአይቢኤም ኩባንያው የቼዝ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነው። ዲፕ ብሉ በዚያን ጊዜ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ያህል ፖዚሽን ይመረምር ነበር።

23ኛው እርምጃ ላይ ማሽኑ አንድ ወታደር አስበላ። ካስፓሮቭ ደነገጠ። የዚያን ዘመን ማሽኖች በጠጠር ስስታም ነበሩ፤ ያለ ግልጽ ትርፍ አይሰጡም። ካስፓሮቭ ወዲያው በታይም መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ ከጠረጴዛው ማዶ አዲስ ዓይነት የማሰብ ችሎታ እንደተሰማው ገልጿል። ኋላ ላይ የተረዳው ደግሞ ሌላ ነው። ማሽኑ ያንን ወታደር መልሶ እስከሚያገኝበት ድረስ አስልቶ ነበር። ሰው በስሜት የሚሠዋውን ማሽኑ በሒሳብ አበደረ እንጂ አልሠዋም።

ከዚያ ካስፓሮቭ ያለውን ሁሉ ወደ ማሽኑ ንጉሥ ላከ። በንጉሡ በኩል የተከፈተውን መስመር በሩክ ያዘ። ወታደሩን ደረጃ በደረጃ ገፍቶ ከንጉሡ ደጃፍ አደረሰው። ፈረሱም መጣ። ሰው ቢሆን ኖሮ ፈረሱን ወደ ቤት መልሶ ንጉሡን ይከልል ነበር።

ዲፕ ብሉ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ፈረሱን በሰሌዳው ማዶ፣ ከንጉሡ እጅግ ራቅ ወዳለ ቦታ ላከና ወታደር በላ። ተመልካቹ ይህንን ሲያይ ማሽኑ ያበደ ሊመስለው ይችላል። ቤት እየነደደ ገበያ እንደመውጣት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ቆጥሮ ነበር። የካስፓሮቭ ጥቃት አንድ እርምጃ ዘግይቶ እንደሚደርስ ያውቃል። ደግሞም ያ የራቀው ፈረስ ተመልሶ መጥቶ የካስፓሮቭን ንጉሥ የሚወጋው እሱ ራሱ ነው።

መጨረሻው ላይ ካስፓሮቭ ከቼክሜት አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ሩኩ የማሽኑ የመጨረሻ መስመር ላይ ገብቷል፣ ፈረሱ ደግፎታል። አንድ ተራ ብቻ ቢያገኝ ጨዋታው አልቋል። ያቺን ተራ ግን አላገኘም። ማሽኑ ቼክ አለ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። 37ኛው እርምጃ ላይ ካስፓሮቭ እጅ ሰጠ። በመደበኛ ሰዓት በተደረገ ጨዋታ በሥልጣን ላይ ያለ የዓለም ሻምፒዮን በማሽን ሲሸነፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የካስፓሮቭ ጥቃት ደካማ አልነበረም። ማንኛውም ሰው በዚያ ጥቃት ፊት ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ይሳሳታል። በሰዎች መካከል ጥቃት የሚሠራው ግማሹ በፍርሃት ነው። ማሽኑ አንድ እርምጃ የቀረው ቼክሜትና መቶ እርምጃ የቀረው ቼክሜት እኩል የማያስፈራው ተጋጣሚ ነው፤ ከቆጠረውና ካልደረሰበት በቃ።

ታዲያ ሰዎች እንዴት ተቋቋሙት?

ካስፓሮቭ በሽንፈቱ ተምሮ የፊላደልፊያውን ግጥሚያ 4 ለ 2 አሸነፈ (ማሸነፍ አንድ ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ነው)። የመጨረሻውን ጨዋታ ያሸነፈበት መንገድ ለሌሎችም ትምህርት ሆነ። ጥቃት የለም፣ መስዋዕት የለም። ቀስ እያለ ቦታ ያዘ። የማሽኑ ጠጠሮች ጥግ ላይ ተቀርቅረው መተንፈሻ አጡ። ማሽኑ ክፉ ነገር እየመጣ መሆኑን የሚያሳይ ስሌት አልነበረውም። ችግሩ የሚፈነዳው ከማየት አቅሙ ባሻገር ነበርና።

ይህ ድክመት ስም አለው፤ የአድማስ ችግር ይባላል። ማሽኑ የተወሰነ ርቀት ድረስ ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሱ የለም። ሰው ግን ርቀቱን ባይቆጥረውም ይህ ቢሾፕ ከዚህ ጉድጓድ መቼም አይወጣም ማለት ይችላል። ያ ፍርድ ስሌት አይፈልግም። ስለዚህ የማሽን ተጋጣሚዎች አንድ ስልት አበጁ። ንግሥቶችን ቶሎ ማለዋወጥ። ወታደሮችን ፊት ለፊት አቆላልፎ መንገድ መዝጋት። ከግርግር መሸሽ።

ክራምኒክ በ2002 ባህሬን ላይ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ያደረገው ስምንት ጨዋታ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ረጋ ባለ ጨዋታ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አሸነፈ፤ ከአራት ጨዋታ በኋላ 3 ለ 1 ይመራ ነበር። አምስተኛውን በግልጽ ስህተት ተሸነፈ። ስድስተኛው ላይ ግን ልቡ ተነሣሣ። ፈረስ ሠውቶ የማሽኑን ንጉሥ ለማደን ወጣ። ለዐይን የሚያምር ጨዋታ ነበር። ማሽኑ እያንዳንዱን ዛቻ በትክክለኛው መልስ እያከሸፈ ወጣና ክራምኒክ ተሸነፈ። ግጥሚያው 4 ለ 4 አለቀ። ክራምኒክ የተሸነፈው ቼዝ ስላልቻለ አይደለም፤ ሜዳውን ስለለወጠ ነው ብዬ አምናለሁ። በሰው ላይ የሚያሸልመውን መስዋዕት በማሽን ላይ ሞከረው።

ስልቱን እስከ ጥግ የወሰደው አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ ነው። በ2008 በኢንተርኔት በተደረገ ፈጣን ጨዋታ ሪብካ የተባለውን፣ በጊዜው ዕውቅ የነበረውን ኢንጂን ገጠመ። ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ በወታደር ዘጋው። ከዚያ ጠጠሮቹን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ብቻ። በቼዝ ሕግ 50 እርምጃ ያለ ወታደር እንቅስቃሴና ያለ መበላላት ካለፈ ጨዋታው አቻ ሊባል ይችላል። ሪብካ በጠጠር ስለሚበልጥ አቻውን አልፈለገውም። የ50ው ገደብ ሲቃረብ አቻውን ለማምለጥ የራሱን አጥር ማፍረስ ጀመረ። ናካሙራ በ271 እርምጃ አሸነፈው።

ያ መውጫ ለምን ተዘጋ?

በ2005 ለንደን ላይ እንግሊዛዊው ማይክል አዳምስ ከሃይድራ ጋር ተጋጠመ። ሃይድራ አቡዳቢ ውስጥ የተቀመጠ፣ ልዩ የቼዝ ሰርኪዩት የተገጠመለት ኮምፒውተር ነበር። አዳምስ በጊዜው ከዓለም ምርጥ አሥር ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ አጨዋወቱም ረጋ ያለ ነው። ስድስት ጨዋታ ተጫወቱ። አዳምስ ያገኘው አንድ አቻ ብቻ ነው። 5.5 ለ 0.5።

በቦኑ ግጥሚያ ደግሞ ክራምኒክ ከዚያ ቼክሜት በኋላ ሦስት ጊዜ አቻ ወጣ። እየተጠነቀቀ ሲጫወት ማሽኑ ሊያሸንፈው አልቻለም። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ግን 3 ለ 2 እየተመራ ስለነበር ማሸነፍ ግድ ሆነበት። ጥቁር ይዞ ለማሸነፍ የጦፈ ጨዋታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሹልነቱ የታወቀውን የሲሲሊያ መክፈቻ መረጠ። ተሸነፈ። ግጥሚያው 4 ለ 2 ሆነ። አጣብቂኙ ይህ ነው፦ ረጋ ብለህ ብትጫወት አቻ ነህ፣ ለማሸነፍ ብትነሣ የምትነሣው ወደ ማሽኑ ሜዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየራቀ ሄደ። በ2009 ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገ ውድድር ፖኬት ፍሪትዝ የተባለ በሞባይል ስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ከ10 ጨዋታ 9.5 አገኘ። በሰከንድ የሚመረምረው ከ20,000 ፖዚሽን በታች ነበር። በ1997 ኒውዮርክ ላይ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ 200 ሚሊዮን ይመረምር ነበር። ልዩነቱ የፍጥነት አልነበረም ማለት ነው። ፕሮግራሞቹ የማይረባውን መንገድ መተው ተማሩ።

የመጨረሻው በር የተዘጋው በመመዘኑ በኩል ነው። በ2017 መጨረሻ የዲፕማይንድ ኩባንያው ፕሮግራም አልፋዜሮ የጨዋታውን ሕግ ብቻ ተሰጥቶት ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ። ከዚያ በጊዜው ብርቱ የነበረውን ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ ገጠመ፤ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ስቶክፊሽ በሰከንድ 70 ሚሊዮን ፖዚሽን ሲያይ አልፋዜሮ 80,000 ብቻ ነበር የሚያየው። የትኛው መንገድ መታየት እንዳለበት ከልምድ ያውቃል። ይህ የግራንድማስተሩ ችሎታ ነበር። በ2020 ስቶክፊሽም ለመመዘኛው በሥልጠና የሚማር የነርቭ መረብ ጨመረ። ዛሬ ኢንጂኖች ስሌቱንም ፍርዱንም ይዘዋል። የተቀረቀረ ቢሾፕ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

አሁን ሰውና ማሽን የሚጋጠሙት ማሽኑ ጠጠር ቀንሶ ወይም ለሰውየው ተጨማሪ እርምጃ ሰጥቶ ሲጀምር ነው። በ2016 ናካሙራ ከኮሞዶ ጋር እንዲህ ባለ ሁኔታ አራት ጨዋታ አድርጎ 2.5 ለ 1.5 ተሸነፈ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሊላ የተባለው ኢንጂን አንድ ፈረስ ቀንሶ እንዲጫወት ተሠልጥኗል። በፈጣን ጨዋታ ግራንድማስተሮችን ጭምር አሸንፏል። ዘዴው ከርዕሳችን ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ጠጠር መለዋወጥን ይሸሻል፣ ጨዋታውን ያወሳስባል፣ ያጦፈዋል። ሰው የሚሳሳተው እዚያ መሆኑን ከሥልጠናው ተምሯል።

ስልኬ ላይ የሚታየው ቁጥር ምን ይላል?

ይህ ሁሉ ተራ ተመልካችን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ትልልቅ ውድድሮችን በስልክ ስንከታተል ከሰሌዳው ጎን አንድ የሚወጣና የሚወርድ መለኪያ አለ። ኢንጂኑ ነው የሚሞላው። ግራንድማስተሩ ይጫወታል፣ መለኪያው ቁልቁል ይወርዳል፣ ወዲያው ኮሜንት መስጫው ላይ ስድብ ይዘንባል። ይሄንን እንዴት አላየም? እኔ እንኳ አየሁት! ያየነው ግን እኛ አይደለንም፤ ስልካችን ነው።

ቁጥሩ ድሮ የሚቆጠረው በወታደር ነበር። +1 ማለት ነጭ በአንድ ወታደር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ስቶክፊሽ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይህንን ለውጦታል። አሁን +1 ማለት ሁለት እኩል ብርቱ ኢንጂኖች ከዚያ ፖዚሽን ቢጫወቱ ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ኢንጂኖች ቢጫወቱ ነው የሚለው። ለሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቁጥሩ ፈጽሞ አይነግረንም። 0.00 የሚል የጦፈ ፖዚሽን ላይ ነጭ በቀላሉ የሚያያቸው ብዙ ጥሩ እርምጃዎች ኖረውት፣ ጥቁር ደግሞ በአንድ ቀጭን ክር ላይ ሊሆን ይችላል። ለማሽኑ እኩል ናቸው። ለሰዎቹ እኩል አይደሉም።

በ2018 ለንደን ላይ ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩአና ለዓለም ሻምፒዮና ሲጋጠሙ ስድስተኛው ጨዋታ ይህንን አሳየ። ኖርዌይ ውስጥ ጨዋታውን ይከታተል የነበረ ሴሴ የተባለ ኃይለኛ ኮምፒውተር 68ኛው እርምጃ ላይ ካሩአና የሚያሸንፍበት መንገድ አለ አለ። መንገዱ የሚጀምረው ቢሾፑን ወደ ሰሌዳው ዳር በማራቅ ነው። ቀጥሎ ፈረሱን እሱ ራሱ ጥግ ላይ እንዲያስቀረቅረው ይጠይቃል። ካሩአና ሌላ ተጫወተ፣ ጨዋታው አቻ አለቀ። አንዳንዱ ድል አመለጠው ብሎ ጻፈ። ካስፓሮቭ ግን የትኛውም ሰው ወድዶ ፈረሱን እንደዚያ አያጠምድም፤ ቢያደርገው ኖሮ በማሽን ታግዞ ይሆናል፣ ይፈተሽ ይሉ ነበር የሚል ሐሳብ ሰጠ። እኔም ያንን ማምለጥ ማለት ይከብደኛል። ለሰው ያልተዘረጋ እጅ አልተነፈገም።

የማጭበርበር ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስጨንቀውም ለዚሁ ነው። አንድ ብርቱ ተጫዋች ጨዋታውን ሁሉ በማሽን መጫወት አያስፈልገውም። በአንድ የጦፈ ቅጽበት አሁን የተለየ እርምጃ አለ ብሎ የሚጠቁመው ብቻ ካገኘ ይበቃዋል። ከየትኛው ተራ እንደሚፈልግ ካወቀ የቀረውን ራሱ ያገኘዋል።

የራሳችሁን ጨዋታ ስትመረምሩ ኢንጂኑን መጀመሪያ አጥፉት። የጦፈው ቦታ ላይ ቆማችሁ ምን አስቤ ነበር፣ ምን አላየሁም ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ኢንጂኑን አብሩና በማስተካከያው ሦስት አማራጭ እንዲያሳይ አድርጉት። ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር አነጻጽሩት። ሦስቱ ከተቀራረቡ ረጋ ያለ ፖዚሽን ነበር፣ የመረጣችሁት ብዙም ለውጥ አያመጣም። የመጀመሪያው አቻ ብሎ ሁለተኛው ተሸነፍክ የሚል ከሆነ ግን አንድ እርምጃ ብቻ የሚያድንበት ቦታ ላይ ነበራችሁ። እሱን እርምጃ ያላያችሁት ለምን እንደሆነ መፈለጉ ብዙ ያስተምራል፦ ፈረሱ ወደ ኋላ ስለሄደ ነው? ንጉሡ ወደ አደጋ የገባ ስለመሰለ ነው? ወይስ ጠጠር ስለሚያስበላ ገና ሳታስቡት ጣላችሁት?